ከኩታበር ዳገት እስከ ፓሪስ፦ የኢትዮጵያ ብስክሌት የጎደለው ምንድን ነው?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሩዋንዳ የዓለም የጎዳና ላይ ብስክሌት ሻምፒዮናን አስተናገደች። ውድድሩ ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረው ታሪኩ የአፍሪካን ምድር ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። በመዝጊያው ቀን የተካሄደው የወንዶች ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ በመንገዱ ላይ ያለው ዳገት ቢደማመር ከ5,400 ሜትር ያልፋል። ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ። ከመነሻው ከተሰለፉት መካከል መጨረሻው ላይ የደረሱት 30 ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹን የኪጋሊ ዳገት መንገድ ላይ አስቀርቷቸዋል።

ይህን የተከታተለ ኢትዮጵያዊ አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አያልፍም። ዳገት ከሆነ መለኪያው፣ እኛ ምን አነሰን? ከደሴ ተነስቶ በቦሩ ሜዳ በኩል ኩታበር የሚዘልቀውን መንገድ እንውሰድ። ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኩታበር ወዲያ መንገዱ ወደ ተንታ ያመራል፤ ከዚያም የበሽሎ ሸለቆ አለ። በሌላ በኩል በለጋምቦ ደጋ አድርጎ መካነ ሰላም፣ ከመካነ ሰላም ቁልቁል ዓባይ ይወረዳል። በዚህ አገር አንድ ሰው በአንድ ቀን ውርጭ ካለበት ደጋ ተነስቶ ቆላ ሊገባ፣ ተመልሶም ሊወጣ ይችላል። አውሮፓውያን በየዓመቱ ሐምሌ ወር በቴሌቪዥን የሚያዩት የፈረንሳይ ተራራ ሁሉ እዚህ አቻ አለው። ዝነኛው ቱርማሌ ከፍታው 2,115 ሜትር ነው። ደሴ ከተማ ራሷ ከዚያ በላይ ናት።

ታዲያ ከዚህ ደጋ ለምን አንድም ስመ ጥር ብስክሌተኛ አልወጣም? በአገር ደረጃስ ለምን በሁለት ትውልድ አንድ ጽጋቡ ግርማይን ብቻ ይዘን ቀረን? የዚህ ጽሑፍ መልስ ግልጽ ነው። ተራራ ብቻውን ብስክሌተኛ አያወጣም። ብስክሌተኛ የሚያወጣው ክለብ፣ አሰልጣኝና በየሳምንቱ የሚደረግ ውድድር ነው። እነዚህ ያሉበት ቦታ ሜዳ ቢሆንም ሻምፒዮን ይወጣበታል፤ የሌሉበት ቦታ ግን ተራራው የቱንም ያህል ቢረዝም ልጁ ችሎታውን ሳያውቀው ያረጃል።

የተረሳው ጅማሮ

ብስክሌት ለኢትዮጵያ ባዕድ ስፖርት አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ይዛ የሄደችው ሁለት ስፖርት ብቻ ነበር፤ ሩጫና ብስክሌት። ከሯጮቹ መካከል ኋላ በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ያመጡት ማሞ ወልዴ ነበሩበት። ከብስክሌተኞቹ መካከል ደግሞ ገረመው ደንቦባ ነበሩ። በዚያ ውድድር የኢትዮጵያ የብስክሌት ቡድን በቡድን ውጤት 9ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያን ጊዜ ከሩጫው ይልቅ ብስክሌቱ ወደ ዓለም ደረጃ የቀረበ ይመስል እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የሆነው ይታወቃል። የአገሪቱ ዓይን፣ ገንዘብና ተስፋ ሁሉ ወደ ሩጫ ዞረ። ብስክሌተኞቻችን በቶኪዮ፣ በሜክሲኮ፣ በሙኒክ፣ ኋላም በሞስኮ ቢወዳደሩም ከኋላቸው የሚመጣውን ትውልድ የሚኮተኩት አልነበረም። የብሔራዊ ቡድኑ አንዱ ዋና ምንጭ የነበረችው አስመራ ደግሞ በጦርነት ተያዘች፤ በመጨረሻም ከኢትዮጵያ ተለየች። ስፖርቱ እየጠበበ ሄዶ የመቀሌ ስፖርት ሆነ። እንደ ትራንስና ጉና ያሉ ክለቦች፣ የከተማዋ ሰፋፊ መንገዶችና ብስክሌትን የሚያከብር ሕዝብ ባይኖሩ ኖሮ የኢትዮጵያ ብስክሌት ከነጭራሹ ይጠፋ ነበር። መቀሌ ለዚህ ምስጋና ይገባታል።

ጽጋቡ ግርማይና ያሳየን ነገር

ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ1991 መቀሌ ተወለደ። በ2012 ኤምቲኤን ቁቤካ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ቡድን ተቀላቀለ። በማግስቱ ዓመት በታይዋን ዙር አንድ ቀን አሸነፈ። በ2015 የጣሊያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ ወሰደው፤ በዓለም ከፍተኛው የብስክሌት ደረጃ በሚገኝ ቡድን ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም ሆነ። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ጀመረ፤ ከሦስት ሳምንትና ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ በኋላ ፓሪስ ደረሰ። ከእርሱ በፊት ይህን ያደረገ ኢትዮጵያዊ የለም። በዚያው ዓመት በሪዮ ኦሊምፒክ አገሩን ወከለ። ከዚያም ለባህሬን ሜሪዳ፣ ለትሬክ ሴጋፍሬዶ፣ በመጨረሻም ለአውስትራሊያው ሚቸልተን ስኮት ተወዳደረ።

የጽጋቡን ሥራ በዋንጫ ብዛት የሚመዝን ሰው ስፖርቱን አልገባውም። የጎዳና ላይ ብስክሌት የቡድን ስፖርት ነው። ከአንድ ቡድን ውስጥ ለማሸነፍ የሚጓዘው አንድ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ለእርሱ ይሠራሉ። ምክንያቱ ነፋስ ነው። ከሌላ ብስክሌተኛ ጀርባ ተጠግቶ የሚጓዝ ሰው ከሚያወጣው ጉልበት ሲሶ ያህሉን ይቆጥባል። ስለዚህ ረዳቱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይበላል፤ መሪው ከኋላው ተከልሎ ለመጨረሻው ዳገት ጉልበቱን ያስቀምጣል። ውኃ ሲያልቅ ረዳቱ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ቡድኑ መኪና ይመለሳል፤ የውኃ ኮዳዎቹን በማሊያው ጀርባና በደረቱ ሸጉጦ ከመቶ በላይ ብስክሌተኞች መሐል እየተሽሎከለከ እንደገና ወደ ፊት ይወጣል። ያከፋፍላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። የመሪው ጎማ ቢተነፍስ የራሱን ጎማ አውልቆ የሚሰጠው እርሱ ነው። በ2016 ቱር የላምፕሬ መሪ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊስ ሜይንቲስ በጠቅላላ ውጤት 8ኛ ሲወጣ፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ጽጋቡም ነበረ።

ይህን ሥራ ለዓመታት ከታላላቅ ቡድኖች ጋር መሥራት ማለት ከዓለም ጥቂት መቶ ምርጦች አንዱ መሆን ማለት ነው። ጽጋቡ ያረጋገጠልን ኢትዮጵያዊ በዚህ ስፖርት የትም መድረስ እንደሚችል ነው። ያሳየን ሁለተኛ ነገር ግን ያሳዝናል፤ መንገዱን የተከተለው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሙሉ ኃይለሚካኤል በአውሮፓ ቡድኖች ተወዳድሯል። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች ውድድር ተሰልፋለች። ከዚያ ውጭ ዝርዝሩ አጭር ነው። ሥርዓት ቢኖረን ኖሮ ጽጋቡ የአንድ ትልቅ ጅረት መጀመሪያ ይሆን ነበር።

ከሮስቶክ የምንማረው

ሥርዓት ምን እንደሚሠራ ለማየት የጀርመናዊውን ያን ኡልሪሽን ሕይወት መመልከት ይበቃል። ኡልሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 በምሥራቅ ጀርመን በሮስቶክ ተወለደ። ሮስቶክ በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ ሜዳ ከተማ ናት። ተራራ የሚባል ነገር አጠገቧ የለም። ልጁ ግን ገና በታዳጊነቱ በትምህርት ቤት ውድድር ታየ፤ ተመልምሎ በርሊን ወደሚገኝ የስፖርት ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ብስክሌት፣ ምግብ፣ ሐኪምና ለዓመታት ያልተለየው አሰልጣኝ አገኘ። በ19 ዓመቱ በኦስሎ የዓለም አማተር ሻምፒዮን ሆነ። በ1997 ሁለተኛውን በ9 ደቂቃ በልጦ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ፤ ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ያደረገ ጀርመናዊ የለም። በ2000 በሲድኒ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በረጃጅሞቹ ተራሮች ላይ ሌሎቹን ጥሎ የሚሄደው ሰው ያደገው ኮረብታ በሌለበት አገር ነበር።

የኡልሪሽ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው፤ እርሱንም መደበቅ አይገባም። በ2006 ቱር ሊጀመር ሲል በስፔን በተካሄደ የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ስሙ ተነስቶ ታገደ። በ2012 የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። በ2023 አበረታች ቅመም መውሰዱን በግልጽ ተናዘዘ። በመሐሉ በመጠጥና በዕፅ ሕይወቱ ተናግቶ ነበር። ልጅን መልምሎ፣ አሰልጥኖ፣ ለድል አብቅቶ በሰውነቱ ላይ የሚሆነውን የማይጠይቅ ሥርዓት ሻምፒዮኑንም ስሙንም ያበላሻል። ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሩጫው በአበረታች ቅመም የታገዱ ልጆች አሉን። ብስክሌትን እንደገና ስናነሳ የፀረ አበረታች ቅመሞች ትምህርት ከመጀመሪያው ቀን ጋር መምጣት አለበት።

ኡልሪሽን ያነሳሁት ለአንድ ነጥብ ነው። ተሰጥኦ በየቦታው ይወለዳል። የሚለየው የሚያየው ሰው መኖሩ ነው። እኛም በራሳችን ቤት ይህን እናውቀዋለን። በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያወጣችው ደጋ ስለሆነች ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ከበቆጂ የማያንስ ከፍታ ያላቸው ሌሎች ከተሞችም አሉ። በቆጂ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባል በየማለዳው ሜዳ ላይ የሚገኝ አሰልጣኝ ነበራት።

መንገድ ስታዲየም ሲሆን

ሩጫ የሚጠይቀው ጫማና ሜዳ ነው። ብስክሌት ከዚያ እጅግ ይከብዳል። በአውሮፓ ዋና ዋና ውድድሮች ላይ የሚታየው ብስክሌት አንዱ ከ10,000 ዩሮ በላይ ያወጣል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል። ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ ሁሉም ከውጭ ይመጣል። የአንድ የደጋ ገበሬ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ያለ ክለብ አይሞከርም።

ከገንዘቡ የበለጠ የሚያሳስበው ግን ሰላም ነው። የእግር ኳስ ሜዳ አጥር አለው። የብስክሌት ሜዳ ግን የአገር መንገድ ነው። አንድ የልምምድ ቀን 120 ወይም 150 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ማለት ከደሴ ተነስቶ ብዙ ወረዳ አቋርጦ መመለስ ማለት ነው። መንገዱ ላይ ፍተሻ፣ ስጋት ወይም ተኩስ ካለ ስፖርቱ የለም። ከሁሉም ስፖርት በፊት ጦርነት የሚገድለው ብስክሌትን ነው።

ይህን በተግባር አይተነዋል። በትግራይ ጦርነት ሲነሳ የኢትዮጵያ ብስክሌት ዋና ከተማ ከዓለም ተቆረጠች። ስልክና ኢንተርኔት ጠፋ። ጽጋቡ በአውሮፓ መንገዶች ሲወዳደር የተወለደባት ከተማ በጨለማ ውስጥ ነበረች። የትግራይ ልጅ የሆነችው ብስክሌተኛ እየሩ ተስፎም ገብሩ ከጦርነቱ ሸሽታ ፈረንሳይ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ስትወዳደር የለበሰችው የስደተኞች ቡድን ማሊያ ነበር። ይህ ለስፖርታችን ትልቅ ሐዘን ነው። ጦርነቱ ወደ ደቡብ ሲወርድ ደሴንና ኮምቦልቻንም አልማረም፤ በ2014 ዓ.ም. ወሎ ብዙ መከራ አየ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ስለ ኩታበር ብስክሌተኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘልሎ ማለፍ አይችልም።

አንድ ከተማ ላይ ብቻ የቆመ ስፖርት ያች ከተማ ስትታመም አብሮ ይወድቃል። ከጦርነቱ የምንወስደው ትምህርት ይኸው ነው። መቀሌ ተጠግና እንደገና ትነሳ፤ ጎን ለጎን ግን ሌሎች መሠረቶች ይተከሉ።

ጎረቤቶቻችን እንዴት ቻሉ?

ኤርትራ ከእኛ በሕዝብ ብዛት እጅግ ታንሳለች። ብስክሌት ግን የሕዝቧ ስፖርት ነው። በአስመራ ጎዳናዎች ላይ ውድድር ሲካሄድ ቤተሰብ ሁሉ ወጥቶ ያያል፤ ልጆች ከሕፃንነታቸው በተሰባሰበ ጭፍራ መሐል ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ መጓዝን ይለምዳሉ። በዚህ መንገድ ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ2015 ቱር ደ ፍራንስ ገቡ፤ ዳንኤል የተራራ ነጂዎችን ማሊያ ለቀናት ለበሰ። ቢንያም ግርማይ ደግሞ ከአስመራ ተነስቶ በስዊዘርላንድ ኤግል በሚገኘው የዓለም ብስክሌት ማዕከል ሠለጠነ። በ2022 ጌንት ቬቬልጌምን አሸነፈ። በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ የነጥብ መሪው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። ከጥቁር አፍሪካውያን ይህን ያደረገ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ሩዋንዳ ደግሞ ይህ ባህል ሳይኖራት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ የቀድሞው አሜሪካዊ ብስክሌተኛ ጆክ ቦየር መጥቶ ቡድን ማደራጀት ያዘ። ከ2009 ጀምሮ የሩዋንዳ ዙር የዓለም የብስክሌት ማኅበር ዕውቅና ያለው ውድድር ሆነ። መንግሥት ደገፈ፤ መንገድ ተሠራ፤ ውድድሩ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ከዘር እልቂት 31 ዓመት በኋላ ኪጋሊ የዓለም ሻምፒዮናን አስተናገደች። ምሥጢሩ የሩዋንዳ ሰዎች ሳምባ ከእኛ መብለጡ አይደለም። አንድ ነገር ጀምረው አለማቋረጣቸው ነው።

ኩታበር ላይ ምን ይቻላል?

ደቡብ ወሎ በዚህ ስፖርት ከብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ የተሻለ ዕድል ያለው በአንድ ምክንያት ነው። የስፖርት ሳይንስ ከፍ ብሎ መኖርና ዝቅ ብሎ መለማመድ የተሻለ ውጤት ይሰጣል ይላል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሰውነቱም ቀይ የደም ሕዋስ በማብዛት ይላመዳል። ነገር ግን በዚያ ከፍታ ላይ ጡንቻን በሙሉ ፍጥነት ማሠራት ያስቸግራል። ስለዚህ ታላላቅ የአውሮፓ ቡድኖች በቴኔሪፌ ደሴት ቴይዴ ተራራ ላይ ወይም በስፔን ሴራ ኔቫዳ ላይ ሆቴል ተከራይተው ለሳምንታት ይኖራሉ፤ ለፍጥነት ልምምድ ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህን ሁሉ በብዙ ገንዘብ ያደርጉታል። የኩታበር ልጅ ደጋው ላይ ይኖራል። የኮምቦልቻ ሜዳ በደሴ በኩል ከ50 ኪሎ ሜትር አይርቀውም፤ ከፍታው ደግሞ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ያንሳል።

ይህ ግን መነሻ ብቻ ነው። ዳገት መውጣት በጉልበት ይቻላል፤ ቁልቁለት መውረድ፣ ከመቶ ሰው ጋር ተጠጋግቶ መታጠፍ፣ ነፋስ ሲመጣ ቦታ መያዝ ግን በውድድር ብቻ የሚለመድ ጥበብ ነው። ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ብስክሌተኛ ከባዱ ፈተና ይኸው ነው፤ ሳምባው እያለው በጭፍራው መሐል ይጠፋል። ይህን በ20 ዓመት መጀመር ይረፍዳል፤ በ12ና በ13 ዓመት መጀመር አለበት።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ስታዲየም ወይም ውድ ብስክሌት አይደለም። በመጀመሪያ የታዳጊዎች ክለብ ያስፈልጋል፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ኩታበር ላይ። ሃያ ጠንካራ የብረት ብስክሌት፣ አንድ አሰልጣኝና አንድ ብልህ ጠጋኝ ይበቃሉ። በየከተማችን ከመነዳሪ የሚለጥፍ ጎሚስታ ሞልቷል፤ እርሱን ማርሽ ማስተካከልና ጎማ ማቃናት ማሠልጠን ከባድ አይደለም። ሁለተኛ፣ በወር ሁለት ጊዜ፣ ሲቻል በየሳምንቱ፣ አጭር የዙር ውድድር ይካሄድ። ቦሩ ሜዳ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ሜዳው ለታዳጊ ዙር ውድድር ይመቻል፣ ወደ ኩታበር የሚወስደው ዳገትም ለአዋቂዎች አለ። ለጥቂት ሰዓት መንገድ መዝጋት የትራፊክ ፖሊስ ትብብር ይጠይቃል እንጂ ብዙ ወጪ የለውም። ሦስተኛ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆቹን በየጊዜው ይለካ፤ ልብ፣ ሳምባና የኃይል መጠን እየተመዘገበ ተሰጥኦ ያለው እንዲለይ። አራተኛ፣ ሴት ልጆች ከመጀመሪያው ቀን እኩል ይግቡ። በኢትዮጵያ ብስክሌት ውስጥ ባለፉት ዓመታት ከወንዶቹ ባልተናነሰ ተስፋ ያሳዩት ሴቶች ናቸው።

በአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመሮች መሠራታቸው ጥሩ ነው። ብስክሌት የመጓጓዣ መሣሪያ ሲሆን ለስፖርቱም መንገድ ይከፍታል። ነገር ግን መስመሩ ዋና ከተማዋ ላይ ብቻ ከቀረ ለገጠሩ ልጅ አይደርስም። ጽጋቡን ያስገኙት የመቀሌ ሕዝብ፣ ክለቦቿና ውድድሮቿ ናቸው። ያ ባህል በወሎም ሊተከል ይችላል።

የኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽንና የአማራ ክልል ስፖርት ኃላፊዎች ይህን ጥያቄ ተቀብለው መልስ እንዲሰጡበት እንጠይቃለን። ሰላሙ እስኪሟላ መጠበቅም አይገባም፤ በከተማ ዙሪያ በሚደረግ አጭር ዙር መጀመር ይቻላል፤ ሰላም ሲሰፍን ልጆቹ ረጅሙን መንገድ ለመያዝ ዝግጁ ይሆናሉ። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቻቸው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን 9ኛ የወጡት ዛሬ ካለን ሁሉ ያነሰ ይዘው ነው። ፌዴሬሽኑ በዚህ ዓመት አንድ የታዳጊዎች ክለብ በደቡብ ወሎ ይክፈት፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።